በነዳጅ የተቆጠበው በጥገና ሲበላ፤ ሃይብሪድ መኪና ለአምባ ጊዮርጊስ ገዢ ያዋጣል ወይ?

መኪና ለመግዛት ገንዘቡን ቋጥሮ የተነሣ ሰው ደላላውን አስቀድሞ የሚጠይቀው ሦስት ነገር ነው። ዋጋው ስንት ነው? በሊትር ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል? ሊብሬው ንጹሕ ነው ወይ? አራተኛው ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ገንዘቡ ከተከፈለና መኪናው መንገድ ዳር ከቆመ በኋላ ነው። እሱም "ሲበላሽ ማን ይሠራዋል?" የሚለው ነው።

ለአዲስ አበባ ገዢ ይህ አራተኛ ጥያቄ የግማሽ ቀን ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ከጎንደር ወደ ሰሜን በሚወጣው መንገድ በአምባ ጊዮርጊስ፣ በዳባትና በደባርቅ ለሚኖር ነጋዴ ግን ከሦስቱ ጥያቄዎች ሁሉ ይበልጥ ገንዘብ የሚያስወጣ ነው። በተለይ ሊገዛ ያሰበው መኪና ሃይብሪድ ወይም ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ፣ መልሱን ሳያገኙ ውል መፈረም የነዳጁን ትርፍ አስቀድሞ ለጥገና መስጠት ይሆናል።

ጉዳዩ ዛሬ የገበያ ጥያቄ የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው። በ2014 ዓ.ም. መንግሥት የኤሌክትሪክ መኪናዎችን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይዝ ታክስና ከሱር ታክስ ነጻ አደረገ። በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በኤሌክትሪክ የማይሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን አስታወቀ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ ከ100 ብር በላይ ወጣ። በዚያው ዓመት የመንግሥት ባለሥልጣናት በአገሪቱ ያሉት የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች ከ100 ሺህ በላይ መድረሳቸውን ተናግረዋል።

በነዳጅ ማደያ ተሰልፎ የዋለ፣ ወይም በሃይላንድ ጠርሙስ ተቀድቶ መንገድ ዳር የሚሸጥ ቤንዚን በእጥፍ ዋጋ የገዛ ባለመኪና፣ ነዳጅ የሚቆጥብ ወይም ጨርሶ የማይፈልግ መኪና ቢመኝ አይፈረድበትም። ምኞቱ ትክክል ነው። ስሌቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጎዶሎ ነው።

ሃይብሪድ ምንድን ነው?

ሃይብሪድ መኪና ሁለት ልብ ያለው መኪና ነው ቢባል ይቀላል። አንደኛው የተለመደው የቤንዚን ሞተር ነው። ሁለተኛው ከትልቅ ባትሪ ኃይል የሚያገኝ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ሹፌሩ ፍሬን ሲይዝ ወይም ቁልቁለት ሲወርድ በከንቱ የሚጠፋውን ጉልበት የኤሌክትሪክ ሞተሩ መልሶ ወደ ባትሪው ያስገባዋል። መኪናው ሲነሣና በዝግታ ሲሄድ ያ የተጠራቀመ ጉልበት ቤንዚኑን ያግዛል። ቶዮታ ፕሪየስ የተባለውን መኪና እ.ኤ.አ. በ1997 በጃፓን ለገበያ ካቀረበ ወዲህ ይህ ዘዴ በብዙ ሚሊዮን መኪናዎች ላይ ተፈትኖ አስተማማኝነቱ ታይቷል።

ስለዚህ ችግሩ መኪናው ደካማ መሆኑ አይደለም። ችግሩ መኪናው የሚፈልገው እውቀት በአካባቢው አለመኖሩ ነው። የተለመደው መኪና ባትሪ 12 ቮልት ነው፤ መካኒኩ በባዶ እጁ ቢነካው አይጎዳውም። በሁለተኛው ትውልድ ፕሪየስ ላይ ያለው ትልቁ ባትሪ ግን ከ200 ቮልት በላይ ነው። 28 ክፍሎች ተደርድረው የተሠራ ሲሆን፣ ኢንቨርተር የሚባለው መሣሪያ ይህን ኃይል እስከ 500 ቮልት ያሳድገዋል። በሙሉ ኤሌክትሪክ መኪኖች ላይ የባትሪው ኃይል በአብዛኛው ከ300 እስከ 400 ቮልት ነው። ይህ ሰው የሚገድል ኃይል ነው።

በእነዚህ መኪናዎች ውስጥ ብርቱካናማ ቀለም ያለው ወፍራም ገመድ የሚታየው ለጌጥ አይደለም፤ "አትንካ" ማለት ነው። የሠለጠነ ባለሙያ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የባትሪውን መለያያ መሰኪያ ይነቅላል። ከዚያም በኢንቨርተሩ ውስጥ የቀረው ኃይል እስኪጠፋ ቢያንስ 10 ደቂቃ ይጠብቃል። እጁ ላይ 1,000 ቮልት የሚቋቋም ጓንት ያጠልቃል፤ ኃይሉ መጥፋቱንም በመለኪያ ያረጋግጣል። ይህን የማያውቅ መካኒክ የሌላውን መኪና ኮፋኖ እንደሚከፍት ከፍቶ ቢገባ አደጋው ለመኪናው ብቻ ሳይሆን ለሕይወቱም ነው።

ዳገቱ ቁጠባውን ሲቀንስ

ሻጮች ስለ ነዳጅ ቁጠባ የሚናገሩት ቁጥር ብዙውን ጊዜ ከከተማ ጉዞ የተገኘ ነው። ሃይብሪድ ከሁሉ በላይ የሚያተርፈው መብራት ላይ ቆሞ በሚነሣበት፣ ፍሬን በተደጋጋሚ በሚያዝበት ሜዳማ ከተማ ነው። የጎንደርና የደባርቅ መንገድ ግን ሌላ ነው።

ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ትንሽ ከፍ ብላ ትገኛለች። ወደ 40 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ተጉዞ የሚደረስባት የወገራ ወረዳ ዋና ከተማ አምባ ጊዮርጊስ ግን ወደ 3,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ናት። 1,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና 800 ሜትር ሽቅብ ለማንሣት ብቻ 3.3 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ኃይል ያስፈልጋል። የፕሪየስ ባትሪ ሙሉ አቅም 1.3 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ሲሆን፣ መኪናው እንዲጠቀምበት የሚፈቀድለት ከዚያ ከፊሉን ብቻ ነው። ባትሪው ገና በዳገቱ መጀመሪያ ድርሻውን ይጨርሳል፤ ቀሪውን ጭነት የቤንዚኑ ሞተር ብቻውን ይገፋዋል ማለት ነው። እሱም ቢሆን አየሩ በሳሳበት ከፍታ በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ያጣል።

በመመለሻው ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ቁልቁለቱ ትንሿን ባትሪ ቶሎ ይሞላታል። ከዚያ በኋላ የሚገኘው ጉልበት ማስቀመጫ ስለሌለው በሞተሩና በፍሬኑ ይባክናል። ከደባርቅ አልፎ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ የሚወርድ ሹፌር ይህን በጉልህ ያየዋል። ሙሉ ባትሪ ይዞ ቁልቁለት የጀመረ የኤሌክትሪክ መኪናም የማቀዝቀዝ ጉልበቱን ለጊዜው ወደ ባትሪ ማስገባት ስለማይችል፣ የሹፌሩ እግር ፍሬኑ ላይ ከወትሮው የበለጠ መሥራት ይኖርበታል።

ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሪክ የሚሠራው መኪና በአንድ በኩል ይሻላል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይተነፍስ ከፍታ ጉልበቱን አይቀንስበትም፤ ባትሪውም ትልቅ ስለሆነ ዳገቱን ይችለዋል። ነገር ግን ሌላ ጥያቄ ያስከትላል። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. ፈጣን የኃይል መሙያ ጣቢያ የከፈተው በአዲስ አበባ ነው። በደጋው ከተማ የሚኖር ገዢ ግን በቅድሚያ መተማመን ያለበት በቤቱ ቆጣሪ ነው። መብራት በጠፋ ቀን መኪናውም አብሮ እንደሚቆም ማሰብ አለበት።

ኤንትሬ ለምን ዘመን ተሻገረ?

የዕድሜ ባለጸጋ ሹፌሮች ፊያት 682 ኤን 3 የተባለውን፣ በተለምዶ "ኤንትሬ" የሚሉትን የጭነት መኪና ያስታውሳሉ። ይህ መኪና በኢትዮጵያ ተራራዎች ላይ ለአሥርተ ዓመታት ያገለገለው ስለማይበላሽ አልነበረም። ይበላሽ ነበር። ነገር ግን በየከተማው ካምቢዮውን የሚያውቅ መካኒክ፣ ፍሪሲዮኑን የሚቀይር ረዳት፣ የጠፋውን ዕቃ የሚያመሳስል ቶርኖ ቤት ነበረው። ብልሽቱ በጆሮ ይሰማል፣ በእጅ ይዳሰሳል። ዕቃው ከመርካቶ ሶማሌ ተራ በአውቶቡስ ይላካል።

አይሱዙም፣ ሚኒባሱም፣ ባጃጁም በየገጠር ከተማው የተስፋፉት በዚሁ መንገድ ነው። ገዢው ሳያውቀው ከመኪናው ጋር አንድ ሙሉ የጥገና ገበያ አብሮ ይገዛ ነበር። ለዚያ ገበያ ለብቻው ስላልከፈለ ዋጋ ያለው አልመሰለውም።

የሃይብሪድና የኤሌክትሪክ መኪና ብልሽት በጆሮ አይሰማም። ኮምፒዩተር ይናገረዋል፤ ኮምፒዩተሩን ለማንበብ ደግሞ መሣሪያና የተማረ ሰው ያስፈልጋል። በተለይ ለቻይና ገበያ የተሠሩ መኪናዎች የጽሑፍ ሰሌዳቸው በቻይንኛ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። የኃይል መሙያ መሰኪያቸውም ከአውሮፓው ጋር አይገጥምም። አምራቹ የሰጠው ዋስትና በአብዛኛው መኪናው ከተሸጠበት አገር ስለማይወጣ፣ በሌላ አስመጪ እጅ ለመጣ መኪና ዋስትናው "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" ይሆናል። ቶዮታ በአሜሪካ ከ2020 ሞዴል ጀምሮ ለሃይብሪድ ባትሪ የ10 ዓመት ወይም የ150 ሺህ ማይል ዋስትና ይሰጣል። ተመሳሳይ መኪና በሁለተኛና በሦስተኛ እጅ ተሽጦ አምባ ጊዮርጊስ ሲደርስ ግን ገዢው በዚያ ወረቀት የሚጠይቀው አካል በአካባቢው አያገኝም።

በትንሽ ነገር ትልቅ ኪሳራ

እውቀት ሲጎድል ትንሿ ብልሽት ትልቅ ሂሳብ ታመጣለች። የሚከተሉት በሃይብሪድ መኪና ላይ በብዙ አገሮች የታወቁ ናቸው።

የመጀመሪያው አቧራ ነው። እንደ ፕሪየስ ባሉ መኪናዎች ላይ ትልቁን ባትሪ የሚያቀዘቅዘው አየር የሚገባው ከኋላ ወንበር አጠገብ ባለች ትንሽ ቀዳዳ ነው። በኮረት መንገድ የሚሄድ መኪና ቀዳዳዋ በአቧራ ይደፈናል። የድንች ወይም የነጭ ሽንኩርት ጆንያ ወንበሩ ላይ ሲደረደር ደግሞ ጨርሳ ትዘጋለች። ባትሪው ይግላል፣ ዕድሜው ያጥራል። መፍትሔው ቀዳዳዋን ማጽዳትና ጭነት አለመደርደር ነበር።

ሁለተኛው ትንሿ ባትሪ ናት። ሃይብሪድም ሆነ የኤሌክትሪክ መኪና ከትልቁ ባትሪ ሌላ 12 ቮልት ባትሪ አለው። እሷ ስትደክም መኪናው በሙሉ የሞተ ይመስላል። የማያውቅ ሰው ትልቁ ባትሪ ተቃጠለ ብሎ ባለንብረቱን ያስደነግጣል። ከሌላ መኪና ኃይል ለመበደር ሲሞክሩ አዎንታዊውንና አሉታዊውን ገመድ ካቀያየሩት ደግሞ፣ ባትሪ በመቀየር ብቻ ያልፍ የነበረው ችግር የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎችን እስከ ማቃጠል ይደርሳል።

ሦስተኛው መጎተት ነው። የቆመን መኪና በገመድ አስሮ መጎተት በመንገዱ የተለመደ መረዳዳት ነው። ነገር ግን የፊት ጎማው የሚነዳ ሃይብሪድ የፊት ጎማዎቹ መሬት ነክተው ከተጎተተ፣ ከጎማው ጋር የተያያዘው የኤሌክትሪክ ሞተር አብሮ ይዞራል፤ ኃይል ያመነጫል፤ ተጨማሪ ብልሽትም ሊያስከትል ይችላል። በሌላ መኪና ላይ ተጭኖ፣ ወይም ፊቱ ተነሥቶ መሄድ አለበት።

አራተኛው የብየዳ ሥራ ነው። አካሉ የተጋጨ መኪና ባትሪው ሳይለያይ ብየዳ ቢሠራበት ኮምፒዩተሩ ሊበላሽ ይችላል።

አምስተኛው የተሳሳተ ፍርድ ነው። የምርመራ መሣሪያው "ፒ 0 ኤ 80" የሚል ምልክት ሲያሳይ ትርጉሙ "የሃይብሪድ ባትሪውን ቀይር" ነው። ልምድ የሌለው ሰው እንደተጻፈው ሙሉ ባትሪ ያስገዛል። ልምድ ያለው ግን አስቀድሞ የእያንዳንዱን ክፍል ኃይል ይለካል፣ የማያያዣዎቹን ዝገት ያያል፣ የማቀዝቀዣውን ማራገቢያ ይፈትሻል። አንዳንዴ የደከሙት ከ28ቱ ክፍሎች አንዱ ወይም ሁለቱ ይሆናሉ። እነሱን ብቻ መቀየር ዘላቂ መድኃኒት ባይሆንም ለባለንብረቱ ገንዘብ የሚያጠራቅምበት ጊዜ ይሰጠዋል።

ስሌቱ ሲሠራ

የምጣኔ ሀብት ትምህርት "ጠቅላላ ወጪ" የሚለው ሐሳብ እዚህ ላይ ይጠቅማል። የመኪና ዋጋ ማለት ለሻጭ የሚከፈለው ብቻ አይደለም። ነዳጁ፣ ጥገናው፣ ቆሞ የሚያሳልፈው ቀንና በመጨረሻ ሲሸጥ የሚያወጣው ዋጋ ተደምሮ ነው።

ለማስረዳት ያህል አንድ ምሳሌ ይሠራ። ቁጥሮቹ ለስሌት የተወሰዱ ናቸው፤ አንባቢ በራሱ ቁጥር ሊለውጣቸው ይችላል። አንድ ባለንብረት በጎንደርና በደባርቅ መካከል በኮንትራት የሚሠራ መኪና አለው ይባል። በዓመት 20,000 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። የተለመደው መኪና በ100 ኪሎ ሜትር 10 ሊትር ቢጠጣ፣ ሃይብሪዱ በዚህ ዳገት 7 ሊትር ቢጠጣ፣ ቁጠባው በዓመት 600 ሊትር ነው። ሊትሩ በ120 ብር ቢታሰብ 72,000 ብር ይሆናል። መቼም የሚናቅ ገንዘብ አይደለም።

አሁን ደግሞ መኪናው በቀን የተጣራ 3,000 ብር ያስገባል ይባል። 72,000 ለ3,000 ሲካፈል 24 ይመጣል። መኪናው በሃይብሪድ ክፍሉ ምክንያት በዓመት 24 ቀን ከቆመ የዓመቱ የነዳጅ ቁጠባ በሙሉ ተበላ ማለት ነው፤ የጥገናው ክፍያ ገና ሳይታሰብ።

24 ቀን ብዙ ይመስላል። ይሁን እንጂ ከአምባ ጊዮርጊስ እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ጫኝ መኪና መፈለግ፣ መጫን፣ ጋራዥ ተራ መጠበቅ፣ ዕቃው በአገር ውስጥ ከሌለ ከውጭ ማስመጣት አለ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተካሄደው ግጭት መንገዶች በተደጋጋሚ ተዘግተዋል። መንገድ በተዘጋ ጊዜ መኪናውም መለዋወጫውም ባሉበት ይቆያሉ። ስለዚህ 45 ቀን ተብሎ ቢታሰብ የተጋነነ አይሆንም።

እንዲህ ያለው ከባድ ብልሽት በሦስት ዓመት አንድ ጊዜ ይደርሳል ይባል። የ45 ቀን ገቢ 135,000 ብር ነው። ጥገናውና ማጓጓዣው 120,000 ብር ቢፈጅ ድምሩ 255,000 ብር ይሆናል። ለሦስት ዓመት ሲካፈል በዓመት 85,000 ብር ነው። ከነዳጅ ቁጠባው 72,000 ብር ሲቀነስ ባለንብረቱ በየዓመቱ 13,000 ብር ይከስራል።

ያው ብልሽት ጎንደር ላይ የሚያውቀው ሰውና መሣሪያ ቢኖርስ? ማጓጓዣው ይቀንሳልና ወጪው 75,000 ብር፣ የቆመበት ጊዜ 6 ቀን ይሁን። የ6 ቀን ገቢ 18,000 ብር ነው። ድምሩ 93,000፣ በዓመት 31,000 ብር ይሆናል። ከ72,000 ብር ሲቀነስ ባለንብረቱ በዓመት 41,000 ብር ያተርፋል።

መኪናው አንድ ነው፤ መንገዱም፣ ብልሽቱም፣ የነዳጁ ዋጋም አንድ ናቸው። የተለወጠው የባለሙያው ቅርበት ብቻ ነው። በኪሳራውና በትርፉ መካከል ያለው ልዩነት በዓመት 54,000 ብር ሲሆን፣ ይህ የመካኒኩ እውቀት ለአንድ መኪና ያለው ዋጋ ነው። መኪናው አሥር ቢሆን ልዩነቱ 540,000 ብር ይደርሳል። ባለንብረቶች ይህን ያህል ገንዘብ በየግላቸው ከሚያጡ፣ ከፊሉን አዋጥተው ባለሙያ ቢያሠለጥኑ የሚያዋጣቸው መሆኑን ስሌቱ ያሳያል።

መኪናው በባንክ ብድር ከተገዛ ጉዳቱ ይከብዳል። መኪናው ሲቆም ወለዱ አይቆምም። የተሽከርካሪ መድንም ቢሆን በተለምዶ የሚሸፍነው ግጭትን፣ ቃጠሎንና ስርቆትን እንጂ የመካኒክና የኤሌክትሪክ ብልሽትን አይደለም።

የ"ሎሚ" ገበያ

ሌላው ብዙ ሰው የማያስበው ወጪ የሚመጣው መኪናው ሲሸጥ ነው። አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ያወጣው ጥናት ይህን ያስረዳል። አሜሪካውያን ውስጡ የተበላሸ መኪናን "ሎሚ" ይሉታል። አከርሎፍ እንዳለው ሻጩ የመኪናውን ጉድለት እያወቀ ገዢው ማወቅ ካልቻለ፣ ገዢው ሁሉንም መኪና እንደ "ሎሚ" ይጠራጠራል፤ ዝቅተኛ ዋጋም ይሰጣል። በዚህ ዋጋ ደግሞ ጥሩ መኪና ያለው ሰው አይሸጥም፤ ገበያ ላይ የሚቀረው መጥፎው ይሆናል። አከርሎፍ በዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2001 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆኗል።

የቤንዚን መኪና የሚገዛ ሰው መካኒክ ይዞ ይሄዳል። መካኒኩ ሞተሩን ያዳምጣል፣ የጭሱን ቀለም ያያል፣ ዘይቱን በጣቱ ይፈትሻል። የሃይብሪድ ባትሪ ግን ከላይ ሲታይ አዲሱም አሮጌውም አንድ ነው። በአካባቢው የሚለካው ሰው ከሌለ የጎንደር ገዢ ባትሪው እንዳለቀ ቆጥሮ ዋጋ ይሰጣል። በመሆኑም የሠለጠነ ባለሙያ አለመኖር ጤነኛውንም መኪና ያረክሰዋል። ባለንብረቱ በጥገና ባይጎዳ እንኳ በሽያጭ ይጎዳል።

ሞንጎሊያ ምን ታስተምራለች?

ሃይብሪድ በሀብታም አገር ብቻ የሚሠራ አይደለም። በሞንጎሊያ መንግሥት ለሃይብሪድ መኪና የኤክሳይዝ ታክስ ነጻነት በመስጠቱ ከጃፓን ያገለገሉ ፕሪየሶች በብዛት ገቡ። በዋና ከተማዋ በኡላንባታር በክረምቱ ብርቱ ቅዝቃዜ እንኳ መነሣት በመቻላቸው ተወደዱ። መኪናው ሲበዛ ጋራዡም በዛ፤ የባትሪ ክፍል የሚቀይሩ፣ ያገለገለ ዕቃ የሚሸጡ ሰዎች ተነሡ። ኋላ ግን የሞተ ባትሪ የት ይጣላል የሚል ሌላ ራስ ምታት መጣ።

ትምህርቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ባለሙያ የሚመጣው መኪናው ሲበዛና ዓይነቱ ሲመሳሰል ነው። አንድ ከተማ ውስጥ አምስት ሰው አምስት የተለያየ መኪና ከገዛ ለአንዱም ባለሙያ አይኖርም። ሁለተኛ፣ መጀመሪያ የሚገዙት ሰዎች የመማሪያውን ዋጋ ይከፍላሉ፤ ኋላ የሚመጡት በርካሽ ይጠቀማሉ። የወገራና የዳባት ገዢ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ መሆኑን አውቆ መግባት አለበት።

ገዢው ምን ያድርግ?

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ምክር "አትግዙ" የሚል አይደለም። መኪናውንና ጠጋኙን አብሮ መግዛት ይገባል የሚል ነው። ቀብድ ከመክፈል በፊት የሚከተሉትን ማጣራት ይጠቅማል።

1. ይህን ዓይነት መኪና የሚሠራ ሰው ጎንደር ወይም ባሕር ዳር ላይ አለ ወይ? "አለ" ከተባለ በስልክ ሳይሆን በአካል ሄዶ ማየት ያስፈልጋል። የምርመራ መሣሪያው፣ 1,000 ቮልት የሚቋቋመው ጓንትና ቀድሞ የሠራቸው መኪናዎች መታየት አለባቸው።

2. የባትሪው ጤንነት በመሣሪያ ተለክቶ ውጤቱ በወረቀት ይሰጥ። ሻጩ እምቢ ካለ እምቢታው ራሱ መረጃ ነው።

3. ዋስትናው በማን ስም ነው? በኢትዮጵያ የሚፈጽመው ድርጅት ማን ነው? ብልሽት ከተነገረው በስንት ቀን ይመልሳል? ይህ በውሉ ላይ በጽሑፍ ይግባ።

4. መለዋወጫ በአገር ውስጥ አለ ወይ? ቢያንስ የ12 ቮልት ባትሪ፣ የባትሪ ማቀዝቀዣ ማጣሪያ፣ ለኢንቨርተሩ ውሃ የሚገፋው ፓምፕና ፊውዞች የት እንደሚገኙ ይታወቅ።

5. የኤሌክትሪክ መኪና ከሆነ መሰኪያው ከየትኛው የኃይል መሙያ ጋር ይገጥማል? የቤቱ መስመርና ቆጣሪ ጭነቱን ይችላል? የጽሑፍ ሰሌዳው ወደሚነበብ ቋንቋ ተለውጧል?

6. መኪናው ሲቆም በምን ተጭኖ እንደሚሄድና ስንት እንደሚያስከፍል አስቀድሞ ይታወቅ።

7. ለባትሪ የሚሆን ገንዘብ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ለብቻው ይቀመጥ። በነዳጅ የተቆጠበው ገንዘብ ከፊሉ የባትሪው ነው፤ እንደ ትርፍ ቆጥሮ መብላት አይገባም።

ከግለሰቡ ሌላ ለማኅበር የሚሆን መንገድም አለ። ወደ ሰሜን ተራራዎች ብሔራዊ ፓርክ ጎብኚ የሚያመላልሱ የደባርቅ ባለመኪናዎች፣ ከአምባ ጊዮርጊስ ገብስና ነጭ ሽንኩርት የሚነግዱ፣ በዳባት ኮንትራት የሚሠሩ ሰዎች አንድ ዓይነት ሞዴል ለመግዛት ቢስማሙ የመደራደር አቅም ያገኛሉ። አስመጪውን "አሥር መኪና እንገዛለን፤ አንድ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ አሠልጥንልን፣ መሣሪያውንም ጨምርበት" ሊሉት ይችላሉ። ሠልጣኙ በአካባቢው ጋራዥ ያለው፣ ቤተሰብ የመሠረተ ሰው ቢሆን ተምሮ ወደ አዲስ አበባ የመሄዱ ዕድል ይቀንሳል። ከላይ በተሠራው ስሌት መሠረት እንዲህ ያለው ሰው ደመወዙን በመጀመሪያው ዓመት ይመልሳል።

የአካባቢው መካኒኮችም ነገሩን እንደ ሥጋት ብቻ ባያዩት ይሻላል። የካርቡራቶር ዘመን አልፎ የኮምፒዩተር መኪና ሲመጣ ቀድሞ የተማረው ነበር የተጠቀመው። አሁንም ብርቱካናማውን ገመድ በደህና መንካት የሚችል የመጀመሪያው ሰው ከጎንደር እስከ ሊማሊሞ ያለው ገበያ የእሱ ይሆናል። እስኪማር ድረስ ግን "አላውቀውም" ብሎ መመለስ ለራሱም ለባለንብረቱም ይሻላል።

ገዢውም ገንዘቡን ከመቁጠሩ በፊት አራተኛውን ጥያቄ ይጠይቅ። "ሲበላሽ ማን ይሠራዋል?" ለሚለው የሰው ስም፣ የጋራዥ አድራሻና የቀን ብዛት መልስ ካገኘ ስሌቱን ሠርቶ ይግዛ። መልሱ "አይበላሽም" ብቻ ከሆነ ግን ገንዘቡን ይዞ ቢመለስ ይሻለዋል። የማይበላሽ መኪና ገና አልተሠራም።